ሸክላ ሻጯ የሸክላ ዘፋኝ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ገደማ፣ በዛንዚባር ፉምባ በተባለች መንደር አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። ወላጆቿ ከባሪያ ዘር የሚቆጠሩ፣ በእርሻና በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ ድኾች ነበሩ። የወጣላት ስምም ምቱምዋ ነው፤ በስዋሂሊ ባሪያ ማለት ነው። ዓለም የሚያውቃት ግን ሲቲ ቢንቲ ሳአድ በሚለው ስሟ ነው።

ሲቲ ፊደል የመቁጠር ዕድል አላገኘችም። ቤተሰቦቿ የሠሩትን የሸክላ ዕቃ ተሸክማ እየዞረች ትሸጥ ነበር። ገዥ ለመጥራት የምታሰማው ዜማዊ ድምፅ ከሩቅ ያስታውቃት ነበር። የገበያ ጥሪው የድምጿ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሆነ።

በዛንዚባር ባርነት በ1897 በሕግ ቢሻርም፣ በባሪያ ልጆች ላይ የነበረው ንቀት አብሮ አልተሻረም። ሲቲ በ1911 መንደሯን ትታ ወደ ዛንዚባር ከተማ ገባች። በዚያም ሙህሲን አሊ ከተባለ ሙዚቀኛ ጋር ተገናኝታ የሙዚቃን ሥርዓት ተማረች።

በዘመኑ ታራብ የተሰኘው ሙዚቃ የቤተ መንግሥት ጌጥ ነበር። ከ1870 እስከ 1888 የነገሡት ሱልጣን ባርጋሽ ከግብፅ ያስመጡት፣ በኡድና በቫዮሊን የሚታጀብ፣ በዐረብኛ የሚዜም ነበር። ሲቲ ይህን ዜማ ሕዝቡ በሚናገረው በስዋሂሊ አዜመችው። ከግጥሞቿም መካከል የፍርድ መዛባትን፣ የባለሥልጣን ብልሹነትንና በሴቶች ላይ የሚደርስን በደል የሚገልጡ ነበሩ። ሱልጣንና ባለጸጎች የሚጋብዟት ዘፋኝ፣ የድኾች ሰፈር በሆነው በንጋምቦም ትደመጥ ነበር።

ዝናዋ ሲገንን ምቀኞች ተነሡ። ከገጠር ድስት ተሸክማ መምጣቷንና መልኳን እየጠቀሱ በዘፈን አላገጡባት። እርሷም ምላሿን በዘፈን ሰጠች።

በ1928 ከሙዚቀኞቿ ጋር በመርከብ ወደ ህንድ ተሻግራ፣ በቦምቤይ ከተማ ዘፈኖቿን አስቀረጸች። በዚህም ድምጿን ለገበያ ካስቀረጹ የምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች ቀዳሚዋ እንደሆነች ይነገርላታል። በሀገራችን የሙዚቃው ዲስክ ሸክላ ይባላልና፣ ሸክላ ሻጯ በሸክላ የተደመጠች ዘፋኝ ሆነች። ዲስኮቿ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሲሰራጩ፣ የዛንዚባር ታራብም ባሕር ተሻገረ።

ሲቲ በ1950 ዐረፈች። ታዋቂው የስዋሂሊ ደራሲ ሻባን ሮበርት የሕይወት ታሪኳን ጻፈላት። ከእርሷ የተማረችው ቢ ኪዱዴ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2013 ድረስ፣ ታራብን ለዓለም አሰማች። የታንዛንያ የመገናኛ ብዙኃን ሴቶች ማኅበርም መጽሔቱን «ሳውቲ ያ ሲቲ» ብሎ ሰየመው፤ የሲቲ ድምፅ ማለት ነው። ባሪያ የሚል ስም የወጣላት የገጠር ልጅ፣ ድምጿ ለሴቶች ድምፅ መጠሪያ ሆነ።