ከዜንስቪል የወጣው ዓሣ አጥማጅ

ሰመር በገባ ቁጥር እዚህ ግሮቭ ሲቲ ካለነው ሐበሾች መካከል ወንዝ ዳር የምንወርደው በጣት የምንቆጠር ነን። ለብዙዎቻችን ዓሣ የጾም ምግብ እንጂ ጨዋታ አይደለም። ፈረንጆቹ ዘንድ ግን በዓሣ ማጥመድ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ሞልቷል። ከነዚህ አንዱ የእኛው ጎረቤት ነበርና ዛሬ ስለ እሱ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዜን ግሬይ በ1872 የተወለደው ከኛ ወደ ምሥራቅ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው ዜንስቪል ነው። ከተማዋን የቆረቆረው ቅድመ አያቱ ኤቤኔዘር ዜን ነበር። የጥርስ ሐኪም የነበረው አባቱ ቁጡ ሰው ነበር፤ ልጁ የጻፈውን የመጀመሪያ ታሪክ ቀዳዶ ገርፎታል። በ1890 ገደማ አባትየው ገንዘቡን በኪሳራ አጣና ቤተሰቡ ወደ ኮሎምበስ ተሰደደ። ወጣቱም ያለ ፈቃድ በየገጠሩ እየዞረ ጥርስ ይነቅል ጀመር፤ መንግሥት እስኪያስቆመው ድረስ።

በቤዝቦል ችሎታው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በ1896 ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በጥርስ ሕክምና ተመረቀ። ኒው ዮርክ ላይ ክሊኒክ ከፈተ፤ ቀን ጥርስ እየነቀለ፣ ሌሊት እየጻፈ ኖረ። ለእንጀራ አንድ ሥራ፣ ለነፍስ ሌላ ሥራ መያዝ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ዕረፍት ሲያገኝ ላካዋክሰን ወደሚባለው ወንዝ ይሄድ ነበር። በ1900 ሊና ሮትን፣ እሱ ዶሊ የሚላትን፣ ያገኛት እዚያው ነው። በ1905 ተጋቡ። ክሊኒኩን ዘግቶ ብዕሩን እንዲይዝ ያስቻለው የእሷ ውርስ ነበር። ረቂቁን የምታርመው፣ ከአሳታሚዎች ጋር የምትደራደረውም እሷ ነበረች። በ1912 የወጣው የካውቦይ ልብ ወለዱ ሀብታም አደረገው።

ሀብቱ ወደ ወንዝ ወሰደው። በ1926 ኦሪገን ውስጥ በሮግ ወንዝ ዳር ዊንክል ባር የተባለ ቦታ ገዛ። እዚያ የሚጠመደው ስቲልሄድ የትራውት ዓይነት ነው። (የሩቅ ዘመዱ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞችም ይገኛል።) ስቲልሄድ ከተራራ ወንዝ ይወለድና ወደ ውቅያኖስ ይሰደዳል፤ እዚያ ይፋፋና እንቁላሉን ለመጣል ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ከፊሉ የሚመለሰው በሰመር ነው። ከገባ በኋላ እምብዛም አይበላም። አጥማጁ ላባና ክር መንጠቆ ላይ አስሮ ዝንብ ያስመስላል። ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይወረውራል፤ ጅረቱ እየገፋ እንዲያሻግርለት ይተዋል፤ አንድ እርምጃ ወርዶ ደግሞ ይወረውራል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ውሎ ባዶ እጁን መመለስ ያለ ነው።

ግሬይ ግን ያየውን ሁሉ ይጽፋል። ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ወደ ሮግ ጎረፈ፤ እሱም ሸሽቶ ኖርዝ አምፕኳ ወደተባለው ወንዝ ዞረ። በ1937 እዚያ ሲያጠምድ ስትሮክ መታው፤ በ1939 ካሊፎርኒያ ውስጥ በስልሳ ሰባት ዓመቱ አረፈ።

የሕይወት ታሪኩን የሚያወጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የዓሣውን ክብደት ይቆጥራሉ። እኔን ግን የምትከነክነኝ ዶሊ ናት። እሱ በየወንዙና በየባሕሩ ወራት ሲያሳልፍ፣ ሦስት ልጆች እያሳደገች ሒሳቡን የምትይዘው እሷ ነበረች። በጉዞው ሌሎች ወጣት ሴቶች አብረውት እንደሚሄዱም ታውቅ ነበር። ወንዙ ላይ የቆመው አንድ ሰው ቢሆንም ክሩን የያዙት ሁለት ነበሩ፤ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ግን የአንዱ ስም ብቻ ተጻፈ።

በኛስ ቤት? ዲግሪው የተያዘው፣ ቤቱ የተገዛው በማን የሌሊት ፈረቃ ነው? አገር ቤት ልጆቻችንን ያሳደገችልን እናትስ? ስኬታችንን ስንተርክ እነሱን ከታሪኩ ማውጣት ቀላል ነው። የዜንና የዶሊ አመድ ዛሬ የተገናኙበት ላካዋክሰን መንደር ጎን ለጎን አርፏል። ምስጋናን ግን እስከ መቃብር ማቆየት አይገባም፤ በሕይወት ላለ ሰው ዛሬውኑ ስልክ መደወል ይቻላል።