ጀምስ ብሩስና የዋጊኖስ ሥር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እምፍራዝን ካለፈ በኋላ ይፋግን ያገኛል። በስተቀኙ ጣና አለ፤ ወደ ፊት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. እምፍራዝ ላይ ሰንብቶ ጢስ ዓባይን ለማየት ወደ ደራ የወረደው በዚሁ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነበር። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተማሪ ሁሉ ብሩስን የሚያውቀው በዓባይ ምንጭ ነው። እኛ ግን ዛሬ ይበልጥ የምናወሳው በስሙ ስለ ተጠራው ቍጥቋጦ ነው፤ ምክንያቱም የዚያ ቍጥቋጦ ታሪክ ባለስሙ ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አላለቀም።

ብሩስ በታኅሣሥ ወር 1730 ዓ.ም. ኪኔርድ በሚባል የአባቶቹ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ አገር ተምሮ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ፤ ነገር ግን ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ አገር ለአገር መዞርን መረጠ። በአልጀርስ ቆንስል ሆኖ ሠራ፤ የሰሜን አፍሪካንና የሶርያን የጥንት ፍርስራሾች አስነሣ፤ አረብኛና ግዕዝም አጠና። በ1769 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ በተከታዩ ዓመት በየካቲት ጎንደር ገባ።

በዚያን ጊዜ በዙፋኑ የተቀመጡት ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ይሁኑ እንጂ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ከተማው በፈንጣጣ ተይዞ ስለ ነበረ እንግዳው እንደ ሐኪም ተቈጥሮ በቍስቋም ወደ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተጠራ። መስኮቱንና በሩን አስከፈተ፤ ቤቱንም በጢስ አሳጠነ። ከታመሙት ልጆች የዳኑ ስለ ነበሩ በቤተ መንግሥት መወደድን አገኘ። በኅዳር መጀመሪያ 1770 ዓ.ም. ከግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ደስታውም ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ፖርቱጋሎች ይልኩት የነበረው ስፓኛዊው ቄስ ጴጥሮስ ፓኤዝ ያንኑ ምንጭ በ1618 ዓ.ም. አይቶታል። ብሩስ ይህን ለማስተባበል ብዙ ደከመ፤ አልሆነለትም። የአገሩ ሰውማ ምንጩን ሲያውቀው የኖረ ስለ ሆነ ስለ ቀዳሚነት መከራከሩ ራሱ ያስገርማል።

በ1771 ዓ.ም. መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በሱዳን በኩል ሲመለስ ራስ ፊል በሚባለው ቈላ ጥቂት ወራት ቈየ። እዚያም ተቅማጥ ያዘው፤ ሊሞትም ተቃረበ። ያዳነው ከአውሮፓ ያመጣው መድኃኒት አልነበረም፤ የአገሩ ሰዎች የዋጊኖስን ሥር ልጥ ፈጭተው ሰጡት፣ ዳነም። ዘሩን ይዞ ሄደ። የእንግሊዝ ሊቃውንትም ተክሉን በላቲን ስም ሲሰይሙት ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ አሉት፤ የብሩስ ፀረ ተቅማጥ እንደ ማለት ነው። መድኃኒቱን ያወቁትና የሰጡት ሰዎች ግን በስያሜው ውስጥ ቦታ አላገኙም።

ለንደን ሲደርስ ብዙ ሰው አላመነውም፤ ከቁም ከብት ሥጋ ተቈርጦ ይበላል ብሎ ማውራቱ መሳቂያ አደረገው። ቂም ይዞ ወደ ርስቱ ተመለሰ። አምስት ቅጽ ያለው የጉዞ መጽሐፉ የታተመው በ1790 ዓ.ም. ነው። በሚያዝያ ወር 1794 ዓ.ም. አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ያን ሁሉ በረሓና ጦርነት ያለፈ ሰው!

ከሞተም በኋላ ስሙ በስሕተት ዞረ። በ1819 ዓ.ም. ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ከአንድ መራራ ልጥ መርዝ አወጡ፤ ልጡ የዋጊኖስ መስሏቸው መርዙን ብሩሲን አሉት። ልጡ ግን የሌላ ዛፍ ነበር፤ ስያሜው እስከ ዛሬ አልታረመም። የዋጊኖስ እውነተኛ ጕልበት የታወቀው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበው ተክል ብሩሲያንቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለዩ። በአይጥ ላይ የደም ነቀርሳን ስለ ተዋጋ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ተቅማጥ የሚያመጣውን አሜባ እንደሚገድል ተገለጸ፤ የራስ ፊል ሰዎች የሰጡት መድኃኒት ከንቱ እንዳልነበረ በዚህ ይታወቃል። ለነቀርሳ በሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ግን የደም ግፊት አወረደ፣ አስታወከ፣ እጢውንም አላጠፋም፤ ስለዚህ ሙከራው ተተወ።

ለምን ሆነ? መልሱ በዓይን የሚታይ አይደለም። በሕይወት ባለ ሕዋስ ሁሉ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራ ሪቦሶም የሚባል አካል አለ፤ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር አርባ ሺኛ ያህል ነው። ተራ ማይክሮስኮፕ ዝርዝሩን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ሊቃውንት ሪቦሶሙን እንደ ጨው አርግተው ክሪስታል ያደርጉታል፤ በላዩ የራጅ ጨረር ይለቁበታል፤ ጨረሩ ተበትኖ ከሚተወው የነጠብጣብ ረድፍም አተሞቹ የት የት እንደ ተቀመጡ በሒሳብ ያወጣሉ። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ዓ.ም. ብሩሲያንቲንን በሙት ባሕር ከሚኖር ጥቃቅን ፍጥረት ሪቦሶም ጋር አያይዘው በዚህ ዘዴ መረመሩት። አዲሱ አሚኖ አሲድ ገብቶ ከሰንሰለቱ ጋር ሊገጥም ከሚገባበት ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ አገኙት። ቦታው ሲያዝ ፕሮቲን መሥራት ይቆማል። የሰውም ሪቦሶም በዚያ ስፍራ ተመሳሳይ ስለ ሆነ አሜባውን የሚገድለው ነገር በሽተኛውንም ይጎዳል። ዋጊኖስን ያለ መጠን መጠጣት አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀረን። የብሩስን ሥዕሎች ይሥል የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም በመጽሐፉ ከግሽ ጉዞ አስቀድሞ እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። የባሉጋኒ የእጅ ጽሑፍ ግን እዚያ አብሮት እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከኢትዮጵያ የሣላቸው የዕፅዋት ሥዕሎች ዛሬ የሚገኙት በዚያው በየል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ማእከል ነው።