ኤርኒ ዴቪስ፣ ባለ 44 ቁጥሩ

የአሜሪካ ፉትቦል ሲባል የኛው እግር ኳስ የሚመስለን ብዙ ነን። አይደለም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ትያዛለች። የኤርኒ ዴቪስ ሥራም ያችን ኳስ አቅፎ፣ የሚጥሉትን ተከላካዮች እያመለጠ መሮጥ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1939 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ተወለደ። ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው፤ አገሩም የከሰል ማዕድን አገር ነው። ልጅ ሳለ ይንተባተብ ነበር። (ነገ ክፍል ስንገባ እንደሱ ያለ ልጅ ከኋላ ወንበር ማግኘታችን አይቀርም።) በ12 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ለመኖር ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ኤልማይራ ከተማ ሄደ። በዚያ በፉትቦልም በቅርጫት ኳስም ስሙ ተጠራ።

ሲራኪውዝ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ 44 ቁጥር ማልያ ሰጡት። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ቀድሞ የለበሰው ታላቁ ጂም ብራውን ነበራ! ዴቪስ ግን በሦስት የጨዋታ ዘመን 2386 ያርድ ሮጦ የብራውንን የዩኒቨርሲቲ ክብረ ወሰን ሰበረ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ዳላስ ላይ ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ገጠሙ። ዴቪስ እግሩን እያመመው ገባ፤ ገና በመጀመሪያው ኳስ ተቀብሎ 87 ያርድ ያስቆጠረበት ጨዋታ ነው። ሲራኪውዝ 23 ለ 14 አሸነፈ፤ ኮከብ ተጫዋችም እሱ ተባለ። ማታ በሽልማቱ ግብዣ ላይ ግን ጥቁር ተጫዋቾች ሽልማታቸውን ተቀብለው ከአዳራሹ እንዲወጡ ተነገራቸው። ዋንጫ ሰጥቶ ማዕድ መከልከል ምን ይሉታል?

በ1961 ሃይስማን የተባለውን የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ታላቅ ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲም አግኝተው ጨበጡት። እስከዚያ ጥቁር አላሰልፍም ይል የነበረው የዋሽንግተን ክለብ ከሁሉ አስቀድሞ መረጠው፤ ወዲያው ግን ለክሊቭላንድ ለወጠው። ክሊቭላንድ ደግሞ የጂም ብራውን ክለብ ነው! ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሮጡ ነው ተብሎ ስንቱ ጓጓ።

በ1962 ክረምት የደም ካንሰር ተገኘበት። ሕመሙ ለጊዜው ጋብ ሲልለት ልጫወት ብሎ ጠየቀ፤ አሰልጣኙ ፖል ብራውን ግን አላሰለፈውም። ከመሞቱ በፊት ባሉት ወራት በአንድ መጽሔት ላይ ራሱን ዕድለ ቢስ አድርጎ እንደማያይ ጻፈ። እኔ ብሆን እንዲያ መጻፌን እጠራጠራለሁ።

ሜይ 18 ቀን 1963 በ23 ዓመቱ አረፈ። ለክሊቭላንድ አንድም የውድድር ጨዋታ አልተጫወተም። ክለቡ ግን ለሱ ያዘጋጀውን 45 ቁጥር ማልያ ከዚያ ወዲያ ለማንም አልሰጠም።