ከእንጉዳይ የተገኘ የቁስል መድኃኒት

ዛሬ አንሪ ብራኮኖን እናስተዋውቃችሁ። እ.ኤ.አ. በ1780 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ፋርማሲ ገብቶ ሙያ ቀሰመ፤ በኋላም የናንሲ ከተማ የእጽዋት ማዕከል ኃላፊ ሆነ።

በ1811 እንጉዳይ ሲመረምር በአልካሊ የማይሟሟ ነገር አገኘ። ዛሬ ካይቲን እንለዋለን፤ በሸርጣንና በሽሪምፕ ቅርፊትም ውስጥ አለ። ያኔ ግን ምን ይሠራል ቢባል መልስ ያለው አልነበረም።

ብራኮኖ በ1855 አረፈ። ከ4 ዓመት በኋላ ሌላ ፈረንሳዊ ካይቲንን ለውጦ ዛሬ ካይቶሳን የምንለውን አገኘ። ካይቶሳን አሁን ደም ለማቆምና እንደ ስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላሉ አልድን ላሉ ቁስሎች በሚሠሩ መሸፈኛዎች ውስጥ ይገባል። የቁስሉን እርጥበት ይጠብቃል፤ ባክቴሪያንም ይከላከላል።

ሰውዬው ይህን ሁሉ ሳያይ ሄደ፤ ሥራው ግን ዛሬም ሰው እያከመ ነው። እናንተ ግን የቆየ ቁስል ካላችሁ ቶሎ ሐኪም ይየው፤ መሸፈኛ ብቻውን አያድንም!