ዋና ከተማ ለመሆን የታጨችው አዲስ ዓለም

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሳይሆን የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን ብቻ አውጥቶ ኤስ ኤስ ዲ መግጠም እንደሚበቃ ለባልደረቦቼ ስናገር ትዝ የሚሉኝ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተማርከው፣ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ይህን የማያውቅ የለም።

ብዙም የማይወራው ከድሉ በኋላ የገጠማቸው የማገዶ ችግር ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ተመንጥሮ አልቆ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። በጥንቱ ልማድ መፍትሔው ድንኳን ነቅሎ ደን ወዳለበት መሄድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተ ምዕራብ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ስፍራውንም አዲስ ዓለም አሉት።

ነገር ግን አዲስ አበባ እንደ ቀድሞዎቹ ሰፈሮች በቀላሉ የምትነቀል አልነበረችም። መኳንንቱም የውጭ አገር ሌጋሲዮኖችም ቤት ሠርተውባታል። እንደ እኔ እምነት የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንጨት። ጉድለቱን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ሞላው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ መዲናቸው ያችው አዲስ አበባ ነበረች። ባሕር ዛፉ ግን ውኃ ይመጥጣል እየተባለ እስከ ዛሬ ይታማል።