ዶክተር ጉድ እና የተናቀችው እጢ

«የጉድ በሽታ» የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። ጉድ የተባለው ግን በሽታው ሳይሆን ሐኪሙ ነው፤ ሙሉ ስማቸው ሮበርት አለን ጉድ ይባላል። የእኚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ላቀርብላችሁ የወደድሁት፣ በስማቸው የሚጠራው በሽታ ብርቅ ቢሆንም ያስነሳው ጥያቄ ሁላችንም ክፍል ውስጥ ከምንማረው የኢሚዩኖሎጂ መሠረት ላይ ስለሚያደርሰን ነው።

ዶክተር ጉድ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ክሮዝቢ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በካንሰር ሲሞቱ እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። በተማሪነታቸው ደግሞ ፖሊዮ የሚመስል ሕመም ሰውነታቸውን ሽባ አደረገው። ቀስ በቀስ ቢሻላቸውም ማነከሱ አልለቀቃቸውም። ያም ሆኖ በ1947 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬትና ፒኤችዲ አንድ ላይ ተቀበሉ።

በዚያን ጊዜ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለችው ታይመስ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ አልነበረም። ከልጅነት በኋላ እየኮሰመነች ስለምትሄድ ብዙዎች እንደ ትርፍ አንጀት ነበር የሚያዩዋት። በ1952 ኦግደን ብሩተን የተባሉ ሐኪም ደሙ ውስጥ ጋማ ግሎቡሊን የሌለውን ሕፃን ታሪክ አሳተሙ፤ ዶክተር ጉድም እንዲህ ያሉ በሽተኞችን መከታተል ያዙ።

ታዲያ አንድ የ54 ዓመት ሰው መጣ። በተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ይሠቃያል፣ ጋማ ግሎቡሊኑ እጅግ አነስተኛ ነው፣ ታይመሱ ላይ ደግሞ ቲዩመር በቅሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት በሽታ ባንድ ሰው ላይ ገጠመው ብሎ ያልፈው ነበር። ዶክተር ጉድ ግን አላለፉትም፤ በ1954 ታሪኩን ሲያሳትሙ የሁለቱን ግንኙነት ጥያቄ አድርገው አነሱት። እኔ የእሳቸው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ጥያቄው መልስ ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት። ባልደረቦቻቸው የጨቅላነት ጊዜያቸው ካለፈ ጥንቸሎች ታይመስን አውጥተው አንቲቦዲ መሥራታቸውን ቢለኩ ምንም ለውጥ አላዩም። በ1961 ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ገና በተወለዱ አይጦች፣ የዶክተር ጉድ ቡድንም በጨቅላ ጥንቸሎች ሲሞክሩት ግን እንስሳቱ የመከላከል አቅማቸው ተዳከመ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቲ ሴሎች ከታይመስ ወጥተው በሰውነት የሚሰራጩት በጨቅላነት ስለሆነና ብዙ ስለሚቆዩ፣ ዘግይቶ ማውጣቱ ጉዳቱን አያሳይም። በ1965 ደግሞ ከማክስ ኩፐር ጋር በጫጩቶች ላይ ሠርተው፣ የመከላከል ሥርዓቱ ሁለት ክንፍ እንዳለው አሳዩ፤ አንዱ ከታይመስ የሚመጣው፣ ሌላው አንቲቦዲ የሚሠራው።

ዝናቸው የገነነው በ1968 ነው። ያለ መከላከያ አቅም ለተወለደ የጥቂት ወር ሕፃን የእህቱን የአጥንት መቅኔ ሰጥተው አዳኑት፤ ተመሳሳይ መንትያ ባልሆኑ ሰዎች መካከል ከተሳኩት የመጀመሪያው ነበር። በ1970 የላስከር ሽልማት አገኙ፣ በ1973 ኒውዮርክ የሚገኘውን የስሎን ኬተሪንግ ተቋም በፕሬዚዳንትነት ያዙ።

በ1974 ግን እዚያው ተቋም ውስጥ ዊልያም ሰመርሊን የተባለ ተመራማሪ የነጭ አይጦችን ቆዳ በጥቁር እስክሪብቶ ቀብቶ ንቅለ ተከላው የተሳካ አስመሰለ። አጣሪው ኮሚቴ ዶክተር ጉድን ከማጭበርበሩ ነፃ ቢያደርጋቸውም ከኃላፊነት ጨርሶ አላወጣቸውም። ይህን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። አንድን በሽተኛ ልብ ብለው በማየት ስም ያተረፉ ሰው፣ የሚያስተዳድሩት ሲበዛ ቅርባቸው ያለውን ሳያዩ ቀሩ። ለወደፊቱ ላቦራቶሪ ለምንመራ ተማሪዎች ከዚህ በላይ ትምህርት የለም።

በመጨረሻ በፍሎሪዳ ሕፃናትን እያከሙና እየተመራመሩ ቆይተው፣ በ2003 በጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በ81 ዓመታቸው አረፉ።

በሽታው ግን እስካሁን ምስጢሩን አልጨረሰም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ነው፤ ቢ ሴሎቻቸው ያንሳሉ ወይም ይጠፋሉ፣ የሳንባ ምችና የሳይነስ ኢንፌክሽን ይመላለስባቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ተቅማጥ ያሰቃያቸዋል። ቲዩመሩ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም አንቲቦዲው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይሰጣቸዋል። የቲ ሴል እጢ ስትታመም ቢ ሴል ለምን ይጠፋል? ዶክተር ጉድ ከሰባ ዓመት በፊት ያነሱት ጥያቄ እስከዛሬ ሙሉ መልስ አላገኘም። እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሳንባ ምች የሚመላለስበት ጎልማሳ ሲያጋጥማችሁ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም፤ ጋማ ግሎቡሊኑ ይለካ፣ ደረቱም ይነሳ። ጉድ ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል።