ኦብሪ ቢርድዝሊ

ኦብሪ ቪንሰንት ቢርድዝሊ (ነሐሴ 16 ቀን 1864 – መጋቢት 8 ቀን 1890 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 21 ቀን 1872 – ማርች 16 ቀን 1898) በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም በሠራቸው የመጻሕፍትና የመጽሔት ሥዕሎች የታወቀ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር። በ25 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ሲሆን፣ ዝና ያተረፉለት ሥራዎች የተሠሩት በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ቢርድዝሊ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት በፒያኖ ተጫዋችነቱ የታወቀ ልጅ ነበር። ብዙዎቹ ሥዕሎቹም የተወለዱት ከሙዚቃ፣ በተለይም ከጀርመናዊው የኦፔራ ደራሲ ከሪቻርድ ዋግነር ሥራዎች ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ቢርድዝሊ የተወለደው በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በብራይተን ነው። አባቱ ቪንሰንት ከቤተሰቡ የወረሰውን ገንዘብ በማጣቱ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ይቸገር ነበር። እናቱ ኤለን የሐኪም ልጅ ስትሆን፣ ፒያኖ በማስተማር ቤተሰቡን ትደግፍ ነበር። ኦብሪንና በአንድ ዓመት የምትበልጠውን እህቱን ሜብልን ሙዚቃና ንባብ ያስተማረቻቸው እሷ ናት።

በሰባት ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ታየበት። በዚያን ዘመን ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረም፤ ሐኪሞች የሚያዙት ዕረፍትና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር። እንደ እኩዮቹ ሮጦ መጫወት ስላልቻለ ብዙ ጊዜውን በመጻሕፍትና በፒያኖ ያሳልፍ ነበር። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ከሄደ በኋላ፣ በ1884 ገደማ፣ ከእህቱ ጋር በሕዝብ ፊት ፒያኖ ይጫወት ጀመር፤ ሁለቱም ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ተብለው ይደነቁ ነበር።

በዚያው ጊዜ ገደማ ሁለቱ ልጆች ወደ ብራይተን ተመለሱ፤ ኦብሪም በከተማው ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም የመምህራኑን መልክ እያጋነነ መሣል፣ ግጥም መጻፍና በትምህርት ቤቱ ቴአትር መተወን ያዘ። የሙዚቃ ችሎታው ሳይጠፋ የልቡ ዝንባሌ ቀስ በቀስ ወደ ሥዕል አዘነበለ።

ከመድን ቢሮ ወደ ሥዕል

ትምህርቱን በ16 ዓመቱ ሲጨርስ ቤተሰቡን መርዳት ስለነበረበት በለንደን በአንድ የመድን ድርጅት በጸሐፊነት ተቀጠረ። ቀን በቢሮ፣ ማታ በቤቱ ይሠራ ነበር። ደም መትፋት ሲጀምር ደግሞ ሥዕሉን ለወራት ማቆም ግድ ሆነበት።

በ1891 ክረምት፣ ከእህቱ ጋር የታዋቂውን ሠዓሊ የኤድዋርድ በርን-ጆንስን ቤት ሊጎበኝ ሄደ። ሥዕሎቹን በእጁ ይዞ ነበር። በርን-ጆንስ አይቶ ሥዕልን ሙያው እንዲያደርግ መከረው፤ ትምህርትም እንዲጀምር ነገረው። በዚህ ምክር በዌስትሚንስተር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊው ፍሬድሪክ ብራውን ሥር የማታ ትምህርት ተከታተለ። ያገኘው መደበኛ የሥዕል ትምህርት ይኸው ብቻ ነው። ቀሪውን ከጣሊያናዊው ማንቴኛ የሕትመት ሥራዎች፣ ከጃፓን የእንጨት ሕትመቶችና ከጥንት የግሪክ ሸክላዎች ራሱን አስተማረ።

የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው በ1892 ያገኘው ሥራ ነው። አሳታሚው ጆሴፍ ዴንት «የአርተር ሞት» የተባለውን የመካከለኛ ዘመን የንጉሥ አርተር ታሪክ በሥዕል አስጊጦ ለማሳተም ፈልጎ ሥራውን ለቢርድዝሊ ሰጠው። ሠዓሊው የመድን ሥራውን ትቶ፣ ለዚህ መጽሐፍ ትልልቅ ሥዕሎችን፣ የገጽ ጠርዞችንና የምዕራፍ መክፈቻዎችን ጨምሮ ከ300 በላይ ሥራዎችን አዘጋጀ። መጽሐፉ በ1893 እና በ1894 በክፍል በክፍል ወጣ።

አሠራሩ

ቢርድዝሊ የሠራበት ዘመን የሕትመት ዘዴ የተለወጠበት ነበር። ቀደም ሲል አንድ ሥዕል በመጽሐፍ እንዲወጣ ሌላ ባለሙያ በእንጨት ላይ መቅረጽ ነበረበት፤ በዚህም የሠዓሊው መስመር በቀራጩ እጅ ይለወጥ ነበር። አዲሱ ዘዴ ግን ሥዕሉን በፎቶግራፍ ወደ ዚንክ ሰሌዳ አስተላልፎ፣ መታተም የሌለበትን ክፍል በአሲድ የሚያስበላ ነበር። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ሲሆን የሠዓሊውን መስመር ሳይለውጥ ያትማል። ችግሩ ግን ግራጫ አለማወቁ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ።

ሌሎች ሠዓሊዎች እንደ ጉድለት ያዩትን ይህን ጠባይ ቢርድዝሊ የሥራው መሠረት አደረገው። ሰፊ ቦታ በሙሉ ጥቁር ይሞላል፤ ከአጠገቡ ሌላ ሰፊ ቦታ ባዶውን ይተዋል፤ በሁለቱ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ መስመር ያሳልፋል። ግራጫ ሲያስፈልገው ጥቃቅን ነጥቦችን ይደረድራል። በሙዚቃ ዝምታ የዜማው አካል እንደሆነ ሁሉ በሥዕሎቹም ባዶው ወረቀት የሥዕሉ አካል ነው።

የሚያውቁት ሰዎች እንደጻፉት፣ ለአንድ ሥዕል ብዙ ረቂቅ አያዘጋጅም ነበር። በአንዲት ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሞነጫጭራል፣ በላጲስ ያጠፋል፣ በቢላ ይፍቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ወረቀቱ በእርሳስ ከተበላሸ በኋላ በወርቅ ብዕርና በጥቁር ቀለም የመጨረሻውን መስመር ያሰምራል፤ ብዙ ጊዜም የእርሳሱን መስመር አይከተልም። በመጨረሻ የእርሳሱን ምልክት በጥንቃቄ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚታሰበውም የሚያልቀውም በዚያችው ወረቀት ላይ ነበር። በቀንም ቢሆን መጋረጃ ዘግቶ በሻማ ብርሃን መሥራት ይወድ ነበር።

ሙዚቃ በሥዕሎቹ

ቢርድዝሊ ከሙዚቃ ሐሳብ የሚወስድባቸው መንገዶች ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የኦፔራውን ታሪክ መውሰድ ነው። በ1892 እና በ1893 መካከል የሠራው «ሲግፍሪድ፣ ሁለተኛ ገቢር» የዋግነር ጀግና ዘንዶውን ከገደለ በኋላ ያለውን ጊዜ ያሳያል። ይህን ሥዕል መንገዱን ላሳየው ለበርን-ጆንስ በስጦታ ሰጥቶታል። «የአርተር ሞት» ውስጥ ያሉት የትሪስትራምና የኢዞልድ ሥዕሎችም ዋግነር «ትሪስታንና ኢዞልደ» በተባለው ኦፔራው ከተጠቀመበት ታሪክ ጋር አንድ ናቸው። በ1895 ደግሞ ኢዞልደን የፍቅር መድኃኒቱን ስትጠጣ በቀለም ሣላት። «የራይን ወርቅ» ከተባለው ኦፔራም በ1896 በርካታ ሥዕሎችን ሠርቷል።

ሁለተኛው ሙዚቃውን ትቶ አድማጩን መመልከት ነው። በ1894 የወጣው «ዋግነራውያን» የተባለው ሥዕል መድረኩን አያሳይም። የሚታየው በጨለማ አዳራሽ የተቀመጠ ተመልካች ነው፤ ከአንድ ራሰ በራ ሰው በቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ገጹ በሙሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ሲሆን፣ ከጨለማው ብቅ የሚሉት ነጭ ትከሻዎች፣ ክንዶችና ፊቶች ብቻ ናቸው። ወለሉ ላይ በወደቀ ወረቀት ላይ የኦፔራው ስም «ትሪስታንና ኢዞልደ» ይነበባል። ስለ ፍቅርና ሞት የሚዘምረውን ኦፔራ የሚሰሙት ሰዎች ግን ፊታቸው የደነደነ ነው። ቢርድዝሊ ራሱ የዋግነር አፍቃሪ ቢሆንም በአፍቃሪዎቹ ላይ ከመሳለቅ አልተመለሰም። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል።

ሦስተኛው ድምፁን ብቻ መውሰድ ነው። በ1895 የሾፓንን ሦስተኛ ባላድ ሣለ። ይህ የፒያኖ ሥራ ቃል የለውም፤ የሚተርከው የታወቀ ታሪክም የለም። ቢርድዝሊ ግን በፈረስ ላይ የተቀመጠች ሴት አድርጎ አቀረበው። ሙዚቃው የሚወዛወዝ ምት ስላለው ፒያኖ የሚጫወት ሰው ሥዕሉ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅተውም።

ሰሎሜና ቢጫው መጽሐፍ

በኤፕሪል 1893 «ዘ ስቱዲዮ» የተባለው የሥነ ጥበብ መጽሔት በመጀመሪያ እትሙ የቢርድዝሊን ሥዕሎች አወጣ። ከመካከላቸው አንዱ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ የያዘችውን ሰሎሜን የሚያሳይ ነበር፤ መነሻው የአየርላንዳዊው ደራሲ የኦስካር ዋይልድ ተውኔት ነው። ይህ ሥዕል የተውኔቱን የእንግሊዝኛ እትም በሥዕል የማስጌጥ ሥራ አስገኘለት። መጽሐፉ በ1894 ሲወጣ ከፍተኛ ክርክር አስነሣ። አሳታሚው ያላስደሰቱት ሥዕሎች እንዲለወጡ ሲያደርግ፣ ሠዓሊው ደግሞ በአንዳንዶቹ ውስጥ የዋይልድን ፊት ለቀልድ ደብቆ አስገብቶ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ1905፣ ጀርመናዊው ሪቻርድ ሽትራውስ ይህንኑ ተውኔት ኦፔራ አደረገው።

በዚያው በ1894 ቢርድዝሊ ከአሜሪካዊው ደራሲ ከሄንሪ ሃርላንድ ጋር «ቢጫው መጽሐፍ» የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ የሥዕል አዘጋጁም ሆነ። በመጀመሪያው እትም የርእስ ገጽ ላይ ሜዳ መካከል ቆማ ፒያኖ የምትጫወት ሴት ሣለ። ተቺዎች ፒያኖ በሜዳ ላይ ምን ይሠራል ብለው ሲያሾፉበት፣ ለጋዜጣ በጻፈው መልስ የኦፔራ ደራሲው ግሉክ ሐሳቡን ለማነቃቃት ፒያኖውን ሜዳ ላይ አስወጥቶ፣ ግራና ቀኙ የሻምፓኝ ጠርሙስ አስቀምጦ ይጽፍ እንደነበር አስታወሳቸው። ለተቺዎቹ ይህ የሙዚቃ ታሪክ እንግዳ ቢሆንም ለእሱ የተለመደ ንባብ ነበር።

ከሥራ መባረሩ

በኤፕሪል 1895 ኦስካር ዋይልድ ግብረ ሰዶምን በሚከለክለው ሕግ ተከስሶ ታሰረ። ሲያዝ በእጁ ቢጫ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይዞ ነበር ተብሎ በጋዜጦች ስለተነገረ፣ ሕዝቡ መጽሔቱን ከእሱ ጋር አያይዞ የአሳታሚውን መስኮት በድንጋይ ሰባበረ። ዋይልድ ግን በ«ቢጫው መጽሐፍ» አንድም ጽሑፍ አውጥቶ አያውቅም። ቢርድዝሊም በክሱ ጉዳይ እጁ አልነበረበትም፤ ስሙ ከዋይልድ ጋር የተያያዘው በ«ሰሎሜ» ሥዕሎቹ ምክንያት ብቻ ነው። ሆኖም ሌሎች ጸሐፊዎች አሳታሚውን ጆን ሌንን ስለተጫኑት ቢርድዝሊ ተባረረ፤ ሊወጣ የተዘጋጀው እትምም ሥዕሎቹ ተነሥተው ታተመ። ቋሚ ገቢውን ስላጣ ከእህቱ ጋር ይኖርበት የነበረውን የለንደን ቤት ለመልቀቅ ተገደደ።

በዚህ ጊዜ ሥራ የሰጠው ሌሎች የማይደፍሯቸውን መጻሕፍት በማተም የሚታወቀው ሊዮናርድ ስሚዘርስ ነው። በ1896 ስሚዘርስ «ዘ ሳቮይ» የተባለ መጽሔት አቋቋመ፤ ቢርድዝሊም ዋና ሠዓሊው ሆነ። የ«ራይን ወርቅ» ሥዕሎቹ እንዲሁም የሙዚቃ ደራሲዎቹ የቬበርና የሜንደልሶን ምስሎች የወጡት በዚሁ መጽሔት ነው። ዋግነር በኦፔራ ያቀረበውን የታንሆይዘርን አፈ ታሪክ መነሻ አድርጎ «ከኮረብታው ሥር» የተባለ ልብ ወለድም በክፍል አሳትሟል፤ ሳይጨርሰው ቀርቷል። በዚያው ዓመት ለአሌክሳንደር ፖፕ ግጥም «የፀጉሩ ስርቆት» የሠራቸው ሥዕሎች ከጥቁሩ ስፋት ይልቅ እንደ ጥልፍ በረቀቁ ነጥቦች የተሞሉ ናቸው። ለአሪስቶፋነስ ተውኔት ለ«ሊሲስትራታ» የሠራቸው ደግሞ በግልጽ ወሲባዊ ይዘታቸው ምክንያት በድብቅ ለጥቂት ገዢዎች ብቻ የተሸጡ ነበሩ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ከ1896 ጀምሮ በሽታው ጸናበት። ለሳንባው የሚስማማ አየር ፍለጋ ከእናቱ ጋር ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወር ነበር፤ ገጣሚው አንድሬ ራፋሎቪች በገንዘብ ይረዳው ነበር። በማርች 1897 የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ሄዶ በመጨረሻ በሜዲትራኒያን ዳርቻ በምትገኘው ማንቶን ከተማ ተቀመጠ። አልጋ ላይ ሆኖም ለቤን ጆንሰን ተውኔት ለ«ቮልፖኒ» ሥዕሎች ጀምሮ ነበር።

ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለስሚዘርስ ደብዳቤ ጽፎ፣ የ«ሊሲስትራታ» ቅጂዎችና ሌሎች ነውር ያለባቸው ሥዕሎቹ በሙሉ እንዲጠፉ ለመነው። ስሚዘርስ አላጠፋቸውም። ስለዚህ ዛሬ በሙዚየሞችና በመጻሕፍት ከሚታዩት ሥራዎቹ አንዳንዶቹ ሠሪያቸው እንዲቃጠሉ የፈለጋቸው ናቸው። ቢርድዝሊ ማርች 16 ቀን 1898 እናቱና እህቱ አጠገቡ ሆነው ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው በማንቶን ነው።

ተጽዕኖው

የቢርድዝሊ መስመር አርት ኑቮ በተባለው የሥነ ጥበብ ስልት ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ አሳድሯል። አየርላንዳዊው የመጻሕፍት ሠዓሊ ሃሪ ክላርክና በሩሲያ «የሥነ ጥበብ ዓለም» የተባለው መጽሔት ሠዓሊዎች ከእሱ ተምረዋል።

በ1966 በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የቀረበው ትልቅ ዐውደ ርእይ ስሙን ለአዲስ ትውልድ አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት ክላውስ ፎርማን ለቢትልስ የሠራው «ሪቮልቨር» የተባለው አልበም ሽፋን በጥቁርና ነጭ መስመሩ የቢርድዝሊን ፈለግ ይከተላል። በ1967 በወጣው «ሳርጀንት ፔፐር» አልበም ሽፋን ላይ ደግሞ ከታዋቂ ሰዎች መካከል የራሱ የቢርድዝሊ ፊት ይታያል። በዚህ መልኩ ሐሳቡን ከሙዚቃ ይወስድ የነበረው ሠዓሊ ከሞተ ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ የሙዚቃ ሸክላዎችን ማስጌጫ ሆነ።